የወንዝ ነፍሳት የዕረፍት ቀን

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አነጋገር ወንዝ ለሚሻገር መንገደኛ የተነገረ ነው። በወንዝ ዳር እንቁላላቸውን ለሚጥሉ ጥቃቅን ነፍሳት ግን ነገሩን ገልብጦ መናገር ያስፈልጋል። እነርሱን አብዝቶ የሚጎዳቸው ውኃው ሲመጣ ሳይሆን ሲሸሽ ነውና።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናወጋው ስለነዚህ ፍጥረቶች ነው። የወንዝ ውኃ ከፍና ዝቅ ማለት የነፍሳትን ርቢ እንዴት እንደሚያሰናክል እንገልጻለን፤ ደግሞም በአሜሪካን አገር አንድ ትልቅ ግድብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ቅዳሜንና እሑድን ለነፍሳት የዕረፍት ቀን አድርገው በመስጠታቸው ምን እንደተገኘ እንመለከታለን። «ትንኝ ቢበዛ ወይም ቢያልቅ ለእኔ ምኔ ነው?» የሚል አንባቢ አይታጣም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ወደ ታች ያገኘዋል።

ክንፍ ለአንድ ቀን፥ ውኃ ለብዙ ወራት

ከደጋ በሚወርድ ንጹሕ ወንዝ ውስጥ አንዱን ድንጋይ አንሥቶ ገልበጥ ያደረገ ሰው፥ ከድንጋዩ ሥር ተጣብቀው የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ፍጥረቶች ያያል። ብዙ ሰው «ትል ናቸው» ብሎ ያልፋቸዋል። ነገር ግን ከነዚህ የሚበዙት በአየር ላይ የሚበሩት የዝንቦችና የትንኞች ልጆች ናቸው። የሕፃንነትና የወጣትነት ዘመናቸውን በሙሉ በውኃ ውስጥ ይፈጽማሉ፤ ክንፍ የሚያወጡት ሊጋቡና ሊሞቱ ሲቃረቡ ነው።

ከነዚህ መካከል በጥንት ሊቃውንት ዘንድ ሳይቀር የታወቀችው የዕለት ዝንብ ናት። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ፥ በጥቁር ባሕር አካባቢ በሚገኝ አንድ ወንዝ ላይ የምትታይ፥ ቀኑን ስትበር ውላ ፀሐይ ስትጠልቅ የምትሞት ነፍሳት እንዳለች ተናግሯል። በግሪክ ቋንቋ የተሰጣት ስምም «ለአንድ ቀን የምትኖር» ማለት ነው። አርስጣጣሊስ ያየው ግን የሕይወቷን ማብቂያ ብቻ ነበር። የዕለት ዝንብ ክንፍ ከማውጣቷ በፊት እንደየወገኗ ለሳምንታት ወይም ለወራት፥ አንዳንዷም ከአንድ ዓመት በላይ በውኃ ውስጥ ትኖራለች። ክንፍ ካወጣች በኋላ ምግብ አትቀምስም፤ አፏም ለመብላት አያገለግላትም። በቀራት ጥቂት ጊዜ ያለባት ሥራ ተጋብቶ እንቁላል መጣል ብቻ ነው።

ሁለተኛይቱ እንግሊዞች ካዲስ የሚሏት ናት፤ እኛ ቤት ሠሪ ብንላት ይስማማታል። የብዙዎቹ ወገኖቿ ትል ከአፏ በሚወጣ ሐር አሸዋና ስንጥር እያያያዘች ለሰውነቷ ልክ የሆነ ጎጆ ትሠራለችና። ሦስተኛይቱ ጥቁር ዝንብ ናት። የዚህች ትል በጅራቷ ጫፍ ባሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች ከድንጋይ ላይ ተጣብቃ፥ በራሷ ላይ ያሉትን ሁለት ማራገቢያ የሚመስሉ ጠጉሮች ትዘረጋለች፤ በነዚያም ወራጁ ውኃ የሚያመጣውን ምግብ እያጠለለች ትመገባለች። ለእርሷ የውኃው መፍሰስ እንጀራዋ ነው። ውኃው ከቆመ ማዕዷ ይታጠፋል።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ የወንዝ ውኃን ከኩሬ ውኃ የሚመርጡበት ምክንያት ይህ ነው። ወራጅ ውኃ ከድንጋይ ጋር እየተጋጨ አየር ይቀላቅላል፤ ምግብ ያመጣል፤ ጉድፍ ያጥባል። የወንዝ ነፍሳት ከፈሳሹ ጋር ተስማምተው የተፈጠሩ ናቸው።

እንቁላሉ የሚጣለው ከየት ላይ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ክንፍ ያላት እናት እንቁላሏን ለመጣል ወደ ወንዙ ስትመለስ ከመካከለኛው ኃይለኛ ፈሳሽ ላይ መውረድ አትችልም፤ ይወስዳታልና። ስለዚህ ብዙዎቹ የሚመርጡት የውኃውን ዳር ነው።

ቤቲስ ከሚባለው የዕለት ዝንብ ወገን የሆነችው እናት የምታደርገው እጅግ ያስገርማል። ራሱን ከውኃው በላይ ያወጣ ድንጋይ ፈልጋ ታርፍበታለች። ከዚያም ክንፏን አጥፋ በድንጋዩ ጎን ወደ ታች እየተራመደች ውኃው ውስጥ ትገባለች፤ እንቁላሏንም ከድንጋዩ ሥር ረድፍ በረድፍ እያጣበቀች ትደረድራለች። ከቤት ሠሪዎቹም መካከል እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። ሌሎች ትንኞች ደግሞ እንደ ሙጫ በሚያዝ ነገር የተጠቀለለ እንቁላላቸውን ከዳርቻው ውኃ ላይ ይጥላሉ፤ ያም ከዳር ድንጋይ ላይ ይጣበቃል።

እንቁላሉ እስኪፈለፈል ቀናት፥ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ያስፈልጉታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ትሉ እግር ስላለው ውኃው ሲሸሽ ተከትሎ መሄድ ይችል ይሆናል፤ እንቁላል ግን እግር የለውም። ውኃው ጥሎት ከሄደና ፀሐይና ነፋስ ካገኙት ደርቆ ይሞታል።

በተፈጥሮ ወንዝ ላይ ይህ አደጋ እምብዛም አይደለም። ወንዝ በዝናም ወራት ይሞላል፤ በደረቁ ወራት ቀስ በቀስ ይጎድላል። ከዛሬ እስከ ነገ ያለው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ እናቲቱ ማታ የመረጠችው ዳር በማግሥቱም ዳር ሆኖ ይገኛል።

ምልክት ያለው ጎርፍና ምልክት የሌለው ጎርፍ

«ታዲያ ደራሽ ውኃስ?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ደራሽ ጎርፍ ድንጋዩን እያንከባለለ በውኃው ውስጥ ያሉትን ነፍሳት በብዛት ይጨርሳል። ነገር ግን ለብዙ ሺህ ዘመን ከጎርፍ ጋር የኖረ ፍጥረት ዘዴ አያጣም።

በአሜሪካን አገር በአሪዞና ምድረ በዳ በሚገኙ ምንጮች ውስጥ አቤዱስ የሚባል ትልቅ የውኃ ነፍሳት አለ። ይህ ፍጥረት ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር፥ ሴቲቱ እንቁላሏን ከወንዱ ጀርባ ላይ አጣብቃ እርሱ ተሸክሞ የሚያሳድግ መሆኑ ነው። ክንፍ ቢኖረውም መብረር አይችልም። ይሁን እንጂ ኃይለኛ ዝናም ሲዘንብ ደራሹ ሳይደርስ ከውኃው ወጥቶ፥ ዳገቱን ይዞ እየተጎተተ ወደ ደረቅ ምድር ይሸሻል። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ይገባል። ተመራማሪው ዳዊድ ሊትልና ጓደኞቹ ይህን ጠባይ መርምረው ለነፍሳቱ ምልክት የሚሆነው ዝናሙ ራሱ መሆኑን አስረድተዋል።

እንግዲህ ልብ እንበል። የተፈጥሮ ጎርፍ ሰማዩ ሲጠቁር፥ ዝናሙ ሲወርድ አስቀድሞ ይታወቃል። ሰው ከግድብ የሚለቀው ጎርፍ ግን በጠራ ሰማይ፥ ያለ ደመናና ያለ ነጎድጓድ ይመጣል፤ እንዳመጣጡም ድንገት ይሄዳል። ይህን የሚያስታውቅ ምልክት በየትኛውም ነፍሳት ተፈጥሮ ውስጥ አልተጻፈም።

የግሌን ካንየን ግድብ

የኮሎራዶ ወንዝ በምዕራብ አሜሪካ ካሉት ታላላቅ ወንዞች አንዱ ነው። ግራንድ ካንየን የሚባለውን 446 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሸለቆ የሚያቋርጥ ወንዝም ይኸው ነው። ከዚህ ሸለቆ በላይ የተሠራው የግሌን ካንየን ግድብ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት ወር 1963 ውኃ ማቆር ጀመረ። የግድቡ ቁመት 216 ሜትር ሲሆን፥ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ኃይል 1,320 ሜጋዋት ያህል ነው።

ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ወንዙ ድፍርስ ነበር። በብርዱ ወራት ወደ በረዶነት ይቀርባል፤ በሙቀቱ ወራት እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ የተራራው በረዶ ሲቀልጥ ደግሞ ይሞላ ነበር። ከግድቡ በኋላ ከጥልቁ ሐይቅ ሥር የሚወጣው ውኃ የጠራና ዓመቱን በሙሉ የቀዘቀዘ ሆነ። ከዚህም ሌላ አንድ አዲስ ጠባይ መጣበት፤ እርሱም በየቀኑ መሙላትና መጉደል ነው።

የዚህ ምክንያት እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ እንደ ጤፍ በጎተራ በብዛት አይከማችም፤ በሚፈለግበት ሰዓት መመንጨት አለበት። ሰው ሌሊት ሲተኛ የመብራት ፍላጎት ያንሳል። ቀን ፋብሪካውና ቢሮው ሲከፈት፥ ማታም እያንዳንዱ ቤት መብራቱን ሲያበራና ራቱን ሲያበስል ፍላጎቱ ይንራል። ስለዚህ የግድቡ ሠራተኞች በሚፈለግበት ሰዓት ብዙ ውኃ በማዞሪያዎቹ ላይ ይለቃሉ፤ ሌሊት ደግሞ ይቀንሳሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የውኃው ከፍታ በአንድ ቀን ውስጥ በብዙ ሜትር እስከመለዋወጥ ይደርስ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1992 ሸለቆውን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ፤ በ1996ም በአንድ ቀን ውስጥ የሚለቀቀው ውኃ በሴኮንድ ከ226 ሜትር ኩብ በላይ ከፍና ዝቅ እንዳይል በደንብ ተወሰነ። ሆኖም ውኃው በየቀኑ መነሣትና መውረዱ አልቀረም።

በዚህ ወንዝ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። በሌላው ወንዝ በብዛት የሚገኙት የዕለት ዝንብና ቤት ሠሪ በዋናው ወንዝ ላይ ከቶ እምብዛም አይታዩም። ወደ ሸለቆው በሚፈሱት ትናንሽ ገባር ወንዞች ግን ይኖራሉ። በ1960ዎቹ ዓመታት የዓሣ ጉዳይ ሹማምንት «ለዓሣው ምግብ ይሁን» ብለው የዕለት ዝንብ ትል ከሌላ ወንዝ አምጥተው ጨምረው ነበር፤ ነገር ግን አልረባም። አንዳንዱ በውኃው ቅዝቃዜ፥ አንዳንዱም በሌላ ነገር ያመካኝ ነበር።

ወንዝ ያቋረጡት የመብራት ወጥመዶች

እንቆቅልሹ የተፈታው ብዙ ወጪ ባልጠየቀ ዘዴ ነው። የአሜሪካ የምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ተመራማሪ የሆኑት ቴዎዶር ኬኔዲና ጓደኞቻቸው፥ በጎማ ጀልባ ሰው እያሳፈሩ በሸለቆው ውስጥ የሚጓዙትን መሪዎች እርዳታ ጠየቁ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ መብራትና አልኮል የሚጨመርበት ዕቃ ተሰጣቸው። መሪዎቹም ማታ ከሚሰፍሩበት ቦታ ሁሉ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መብራቱን በወንዙ ዳር ለአንድ ሰዓት ያህል ያበሩታል። ወደ መብራቱ የሚበሩት ነፍሳት አልኮሉ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ዕቃው ተከድኖ፥ ቀኑና ቦታው ተጽፎበት ወደ ተመራማሪዎቹ ይላካል። ከ2012 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ2,500 በላይ የሚሆን ናሙና በዚህ መንገድ ተሰበሰበ።

ናሙናው ሲቆጠር ያልተጠበቀ ነገር ታየ። የትንኞቹ ቁጥር በአንድ ቦታ ይበዛል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወረድ ሲሉ ያንሳል፤ ከዚያ ደግሞ ይበዛል። እንደ ማዕበል ነው።

ምስጢሩ በሰዓቱ ላይ ነበር። ከግድቡ የተለቀቀው ውኃ መላውን ሸለቆ ለማቋረጥ ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ በአንዱ ሰፈር ውኃው የሚጎድለው ማታ ሲሆን፥ በሌላው ሰፈር በዚያው ሰዓት ይሞላል። አብዛኞቹ ትንኞች እንቁላል የሚጥሉት ወደ ምሽት ነው። ማታ ውኃው በጎደለበት ቦታ የተጣለ እንቁላል ኋላ ውኃው ሲነሣ ይሸፈናል፤ እርጥበቱንም እንደጠበቀ ይፈለፈላል። ማታ ውኃው በሞላበት ቦታ የተጣለው ግን ከጥቂት ሰዓት በኋላ ውኃው ሲሸሽ ከደረቅ ድንጋይ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ይበላዋል። ትንኝ የበዛው ከመጀመሪያው ዓይነት ቦታ ነበር፤ ያነሰውም ከሁለተኛው።

እንቁላላቸውን ከዳር ድንጋይ ላይ ብቻ የሚያጣብቁት የዕለት ዝንቦችና ቤት ሠሪዎች ደግሞ ከማንም ይልቅ ይጎዳሉ። ተመራማሪዎቹ በምዕራብ አሜሪካ ከሚገኙ 16 ግድቦች በታች ያለውን ሁኔታ ሲያስተያዩ፥ የቀን ለቀን የውኃ መለዋወጥ በበዛበት ወንዝ የነዚህ ነፍሳት ዓይነት እንደሚያንስ አገኙ። ጥናቱም በ2016 ታተመ።

ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት

በሽታው ከታወቀ መድኃኒቱ ምን ይሁን? ግድቡን ማፍረስ አይቻልም፤ ኤሌክትሪኩንም መተው አይቻልም። እዚህ ላይ የመጣው ሐሳብ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በቀላሉ የሚገባ ነው። ቅዳሜና እሑድ ብዙው ቢሮና ፋብሪካ ዝግ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ከሌላው ቀን ያንሳል። ታዲያ በነዚህ ሁለት ቀናት ውኃውን ሳይለዋወጥ፥ ዝቅ ባለ ልክ ለምን አንለቀውም? ተባለ።

የሐሳቡ ብልህነት እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜና እሑድ ውኃው ዝቅ ብሎ ሲቆም፥ እናቶቹ እንቁላላቸውን ከዚያው ከዝቅተኛው ዳር ላይ ይጥላሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ውኃው ቢነሣም ቢወርድም ከዚያ ልክ በታች አይወርድም። ስለዚህ በሁለቱ ቀናት የተጣለው እንቁላል ሳምንቱን በሙሉ ከውኃ በታች ሆኖ ይቆያል። ነፍሳቱ ከሰባት ቀን ሁለት ቀን ብቻ ይሰጣቸዋል፤ ግን ሁለቱ ቀናት ያለ ሥጋት ናቸው።

ሙከራው በ2018 ከሜይ እስከ ኦገስት፥ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ተደረገ። በ2019ና በ2020ም ተደገመ። በ2021 ሲቀር፥ በ2022 እንደገና ተካሄደ። በመጀመሪያው ዓመት በመብራት ወጥመዶቹ ውስጥ የተገኙት ቤት ሠሪዎች ቁጥር ካለፈው ጊዜ በብዙ እጥፍ ጨምሮ ተገኘ። እርግጥ ነው፥ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ የተጎዳ ወንዝ በጥቂት ወራት አይድንም፤ የውኃው ቅዝቃዜም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ነገር ግን የሰዓት ሰሌዳ በመለወጥ ብቻ ሕይወት ማትረፍ እንደሚቻል ታይቷል።

ከላይ «ለእኔ ምኔ ነው?» ላለው አንባቢ መልሱን እነሆ። የወንዝ ነፍሳት የዓሣ እንጀራ ናቸው። በዚህ ወንዝ ላይ ብቻ የሚኖር፥ ጀርባው ጎባጣ የሆነ ቸብ የሚባል ዓሣ ሊጠፋ ነው ተብሎ በ1967 በመንግሥት ጥበቃ ሥር ከገቡት ፍጥረቶች አንዱ ነበር። ይህ ዓሣና ትራውት የሚባለው ሌላው ዓሣ በአብዛኛው የሚመገቡት እነዚህኑ ነፍሳት ነው። ክንፍ አውጥተው ከውኃው የሚነሡትን ደግሞ ወፎች፥ የሌሊት ወፎች፥ ሸረሪቶችና እንሽላሊቶች ይለቅሟቸዋል። የነፍሳቱ ማዕድ ሲራቆት ከወንዝ እስከ ሰማይ ያለው ሁሉ ይራባል።

መርዝም መድኃኒትም

ይሁን እንጂ የውኃን ከፍና ዝቅ ማለት ሁልጊዜ ክፉ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። ለወዳጅ መርዝ የሆነው ለጠላት መድኃኒት ሊሆን ይችላልና።

በዚያው በአሜሪካን አገር በ1933 የተቋቋመው የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን፥ በግድቦቹ ሐይቆች ዳር የወባ ትንኝ ሲራባ ጊዜ የሐይቆቹን ውኃ ሆን ብሎ ከፍና ዝቅ ያደርግ ነበር። የወባ ትንኝ ትል ጸጥ ባለ የዳር ውኃ የሚያድግ ስለሆነ፥ ውኃው ድንገት ሲሸሽ ከደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። በእኛም አገር በ1960 በአዋሽ ላይ በተሠራው በቆቃ ግድብ አካባቢ የተደረገ ጥናት፥ የሐይቁ ውኃ ፈጠን ብሎ ሲቀንስ በዳር ባሉት ኩሬዎች ውስጥ የሚገኘው የወባ ትንኝ ትል እንደሚያንስ አመልክቷል።

ስለ ጥቁር ዝንብም እንዲሁ ነው። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚገኙ ፈጣን ወንዞች የምትራባ አንዷ ወገን፥ ቆዳን የሚያሳክክና ዓይንን እስከማሳወር የሚያደርስ በሽታ ከሰው ወደ ሰው ታስተላልፋለች። ይህች ዝንብ ፏፏቴና ፈጣን ውኃ ትወዳለች። ግድብ ተሠርቶ ፏፏቴው በሐይቅ ሲሸፈን ከዚያ ቦታ ትጠፋለች፤ በግድቡ ማስተንፈሻ ላይ ዘወትር ፈጣን ውኃ የሚወርድ ከሆነ ግን እዚያው አዲስ ቤት ታገኛለች። አንዱ ግድብ ከበላዩ ያጠፋትን ከበታቹ ሊያረባት ይችላል ማለት ነው።

አገራችን የኤሌክትሪክ ኃይሏን አብዛኛውን የምታገኘው ከወንዝ ውኃ ነው። በጊቤና በኦሞ፥ በአዋሽና በተከዜ ግድቦች ተሠርተዋል፤ በአባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመስከረም ወር 2025 ተመርቋል። ከነዚህ ጋር የሚሠሩ መሐንዲሶች፥ የጤና ሠራተኞችና የዓሣ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ዛሬ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ያሉ ወይም በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ናቸው።

እነዚህ ወጣቶች አንድ ቀን «በስንት ሰዓት ምን ያህል ውኃ ይለቀቅ?» የሚል ሰሌዳ ከፊታቸው ይቀርብላቸዋል። በወረቀቱ ላይ የሚታየው የሜጋዋትና የሜትር ኩብ ቁጥር ብቻ ነው። ወረቀቱ የማይናገረው፥ ያ ቁጥር ከወንዙ ዳር ሲደርስ የአንዱን እንቁላል እንደሚያደርቅ፥ የሌላውንም እንደሚያረጥብ ነው። የኮሎራዶ ሰዎች ይህን ያወቁት ግድባቸው ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ ነው። እኛ ግን አስቀድመን አውቀነዋል፤ ስለዚህ ሰሌዳው ከመፈረሙ በፊት መሐንዲሱ የነፍሳቱንና የዓሣውን ባለሙያ አስጠርቶ፥ «በዚህ ወንዝ ዳር እንቁላሏን የምትጥለው ማን ናት? የምትጥለውስ በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው የሚከስርበት ነገር የለም።